ያልተነካን ፋይል አለመንካት

ጉለሌ፣ ፓስተር አካባቢ ያለው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይበልጥ የሚታወቀው በላቦራቶሪው ነው። ግቢው ግን የመረጃ ቤትም ነው፤ ብሔራዊው የጤና መረጃ አስተዳደር ማዕከል ያለው እዚያው ነው። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ2019 ባካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ብቻ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆነ 8,885 ሴቶች ተጠይቀዋል። ያን ዓመት ተመልሶ መጠየቅ አይቻልም። እንዲህ ያለ መረጃ አንድ ዲስክ ላይ ብቻ ቢቀመጥና ዲስኩ ቢበላሽ፣ መልሱም አብሮ ይጠፋል።

ምትክ ለሌለው መረጃ ከሚመቹት ሥርዓቶች አንዱ ታሆ ላፍስ የሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ነው። ፋይሉን ገና ከባለቤቱ ኮምፒውተር ሳይወጣ ያመሰጥረዋል፤ ከዚያ 10 ክፋይ አድርጎ ለተለያዩ ሰርቨሮች ያድላል። ከ10ሩ የትኞቹም 3 ከተገኙ ፋይሉ እንደነበረ ይመለሳል። 3 ሙሉ ቅጂ የሚያስቀምጥ ሰው ከ2 በላይ ማጣት አይችልም፤ እዚህ ግን ከዚያ እምብዛም ባልበለጠ ቦታ 7 ክፋይ ቢጠፋም ፋይሉ ይተርፋል። የሰርቨሩ ባለቤትም የያዘውን ማንበብ አይችልም። የሰው የጤና ምስጢር ላለበት መረጃ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ዋጋው ፍጥነት ነው። እያንዳንዱ ክፋይ የፋይሉን ሲሶ ስለሚያህል 300 ሜጋባይት የነበረው 1,000 ሜጋባይት ሆኖ ይጓዛል። ባክአፑ ሲንቀራፈፍ ሁሉም የሚወቅሰው ኢንተርኔቱን ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ጊዜውን የሚበሉት ትንንሾቹ ፋይሎች ናቸው። ፋይሉ አንዲት ገጽ ብትሆን እንኳ ከሰርቨሮቹ ጋር «ቦታ አለህ? ይህ ቀድሞ ደርሶሃል? ተቀበልህ?» መባባል አይቀርም። ምልልሱ ለአንድ ፋይል 1 ሰከንድ ይፈጃል ብንል፣ 50,000 ፋይል በተራ ሲላክ 14 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ማታ የተጀመረው ሥራ ሠራተኛ ገብቶም አያልቅም። ሰፊ መስመር መግዛት ምልልሱን አያሳጥረውም።

የሚያሳጥረው መዝገብ ነው። ታሆ ላፍስ በተጠቃሚው ዲስክ ላይ፣ እንደ ንብረት ክፍል ኃላፊ፣ አንዲት ትንሽ ዳታቤዝ ይይዛል፦ የፋይሉ ስምና አድራሻ፣ መጠኑ፣ መጨረሻ የተለወጠበት ሰዓት፣ ሰርቨር ላይ ያለውን የሚከፍተው ቁልፍ። በማግስቱ እነዚህ ካልተለወጡ ፋይሉ አይላክም ብቻ ሳይሆን አይከፈትም። ፎልደርም እንዲሁ ነው፤ ውስጡ ካልተነካ የትናንቱ ፎልደር ለዛሬም ያገለግላል። ከ50,000 ውስጥ 40 ተለውጠው ከሆነ 40 ብቻ ይላካሉ፤ ያም ሆኖ የየቀኑ ቅጂ የራሱን ቀን ይዞ ሙሉ ሆኖ ይታያል።

በመዝገብ ማመን ግን አደጋ አለው። «ልኬዋለሁ» የተባለው ፋይል ሰርቨሩ ላይ ጠፍቶ ቢሆንስ? ታሆ ላፍስ ለዚህ ያበጀው ብልሃት ደስ ይለኛል። ከተረጋገጠ አንድ ወር ያልሞላውን ፋይል አይጠይቅም፤ ሁለት ወር ያለፈውን ሁልጊዜ ይጠይቃል፤ በመካከል ያለውን ደግሞ ዕጣ እያወጣ ይፈትሻል፤ ጊዜው በገፋ ቁጥር የመውጣት ዕድሉ ይጨምራል። ስለዚህ የ50,000ው ፍተሻ አንድ ሌሊት ላይ አይከመርም። የተጓደለ ካገኘ እንደገና ይልካል። ሰዓቱንና መጠኑን ሳያስነካ ይዘቱን የሚለውጥ ፕሮግራም ያለው ሰው ግን ሰዓት አትመን ብሎ ሊያዘው ይገባል፤ ያኔ ፍጥነቱ ይቀንሳል።

4 ኮምፒውተር ብቻ ኖሮት የሚሞክረው ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው እምቢታ ነው፤ በተለመደው ቅንብር ክፋዮቹ ቢያንስ 7 ሰርቨር ላይ ካልተቀመጡ ሥርዓቱ ፋይል አይቀበልም። ያኔ 7ቱን ዝቅ ማድረግና ሌሎቹንም ቁጥሮች መለወጥ ነው፦ 4 ክፋይ፣ 2 የሚበቁ። 300 ሜጋባይቱ 600 ብቻ ይሆናል፣ መላኩም ይፈጥናል። ይህ ስሌት ግን ሰርቨሮቹ በየራሳቸው ጊዜ እንደሚበላሹ የሚገምት ነው፤ መብራት ሲሄድ አንድ ክፍል ውስጥ ያሉት 4ቱም አብረው ይጠፋሉ። ሁለቱ ጉለሌ ቢሆኑ ሁለቱ ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ቢቀመጡ ይሻላል። መዝገቧ ብትጠፋ ቀጣዩ ባክአፕ ይዘገያል እንጂ ሌላ ጉዳት የለም፤ የዋናው ፎልደር ቁልፍ ከጠፋ ግን 4ቱም ሰርቨሮች በሰላም እየሠሩ ፋይሉን የሚከፍተው የለም።