ትኩስ አትክልት እስከ መሥሪያ ቤት ደጃፍ

ከነጋዴ ሸቀጥ ሁሉ ገዢውን የማይጠብቅ አትክልት ነው። ጨርቅና ቆርቆሮ በመጋዘን ከርመው በዋጋቸው ሊሸጡ ይችላሉ፤ ጧት የተቆረጠ ሰላጣ ግን በማግሥቱ ይጠወልጋል፥ ጥቂት ቀን ካደረም ይጣላል። ስለዚህ በአትክልት ንግድ ትርፍን ከኪሳራ የሚለየው የመሸጫው ዋጋ ብቻ ሳይሆን፥ ገዢው አስቀድሞ መታወቁ ነው። የአገር ውስጥ ገበሬ ያመረተውን ትኩስ አትክልት ለሠራተኞች በየመሥሪያ ቤታቸው የማድረስ አሠራር በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆመ ስለሆነ፥ በዚህ ንግድ ለተሰማራ ሁሉ ሊመረመር የሚገባው ነው።

ገበሬና ሸማች በቀጥታ መዋዋላቸው አዲስ ነገር አይደለም። በጃፓን አገር የኦርጋኒክ እርሻ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1971 ከተመሠረተ ወዲህ፥ «ቴኬይ» በሚባለው ስምምነት ብዙ ቤተሰቦች ምርቱን ከገበሬው እጅ ይቀበሉ ጀመር። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1986 በማሳቹሴትስና በኒው ሃምሽየር የሚገኙ ሁለት እርሻዎች፥ የዓመቱን ወጪ አባላት አስቀድመው የሚሸፍኑበትን ሥርዓት አቋቋሙ። በዚህ ሥርዓት ገበሬው ለዘርና ለጉልበት የሚያስፈልገውን ገንዘብ በወቅቱ ያገኛል፤ አባሉም ምርቱ በደረሰ ጊዜ ድርሻውን በየሳምንቱ ይወስዳል። ምርቱ ሲበዛ ድርሻው ይበዛል፤ ድርቅ ወይም ውርጭ ሲመታውም ጉዳቱ የሁሉም ይሆናል።

ይሁን እንጂ አንድ ችግር ነበር። ሸማቹ ወደ እርሻው ይሄድ ዘንድ ጊዜ የለውም፤ ሻጩ በየቤቱ ያድርስ ቢባልም የነዳጁ ወጪ ትርፉን ይበላዋል። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ መሥሪያ ቤቱ ነው። 40 ቤተሰቦችን በየቤታቸው ለማዳረስ መኪናው 40 ጊዜ መቆም ሲኖርበት፥ 40ዎቹ ገዢዎች በአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ከሆኑ ግን አንድ ጊዜ መቆሙ ይበቃል። በአሜሪካ በሮድ አይላንድ፥ እ.ኤ.አ. በ2004 የተቋቋመው «ፋርም ፍሬሽ ሮድ አይላንድ» የተባለው ድርጅት ከአካባቢው ገበሬዎች የሰበሰበውን አትክልት በሣጥን እያደረገ ለሠራተኞች በየሥራ ቦታቸው ሲያደርስ ቆይቷል። በእንዲህ ያለው አሠራር ከአሠሪው የሚጠየቀው ብዙ አይደለም፤ ሣጥኖቹ የሚቀመጡበት ጥላ ያለው ስፍራና ስም የሚመዘግብ አንድ ሰው ከተገኘ ይበቃል።

ይህን የሚሰማ ባለሱቅ «እንግዲያውስ ለነጋዴው ምን ቀረለት?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱ ከሥራው ዝርዝር ይገኛል። አንድ ገበሬ ቲማቲሙንም ጎመኑንም ካሮቱንም ሁሉ አያመርትም። ከልዩ ልዩ እርሻ የሚሰበስብ፥ የሚለይ፥ የሚመዝን፥ የሚያጓጉዝና ሒሳቡን የሚይዝ ሰው የግድ ያስፈልጋል። ይህም ከጥንት ጀምሮ የነጋዴው ሥራ ነው። ልዩነቱ በግምት ገዝቶ ገዢ መጠባበቁ ቀርቶ፥ በታዘዘው ልክ መግዛቱ ነው።

ሥራው ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሰላጣና ጎመን ብርድ ይወዳሉ፤ ቲማቲም ግን ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲቀመጥ ጣዕሙ ይበላሻል። የበሰለ ሙዝ የሚያወጣው ጋዝም ቅጠላ ቅጠሉን ያለ ጊዜው ቢጫ ስለሚያደርገው፥ ሁለቱን በአንድ ሣጥን አብሮ ማሳደር አይገባም። ከዚህም ሌላ፥ ደንበኛው ሁሉ በአንድ ደጃፍ የተሰበሰበበት ንግድ ያ ደጃፍ ሲዘጋ አብሮ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ቢሮዎች ባዶ በሆኑ ጊዜ ይህ በግልጽ ታይቷል፤ የየቤቱን አድራሻ መዝግቦ የያዘ ሻጭ ግን ሣጥኑን ወደ ቤት ለማዞር ችሏል።

በአዲስ አበባም ጉዳዩ የራቀ አይደለም። በፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. ወደ ጃንሜዳ፥ ቀጥሎም በ2013 ዓ.ም. ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ በመዛወሩ፥ ለመሐል ከተማው ሸማች መንገዱ ረዝሟል። ከመቂና ከዝዋይ የሚመጣው ሽንኩርትና ቲማቲም ከሠራተኛው ማድቤት እስኪደርስ በብዙ እጅ ያልፋል፤ በእያንዳንዱም እጅ ጥቂቱ ይፈርጣል፥ ዋጋውም ይጨምራል። በሌላ በኩል፥ በመሥሪያ ቤቱ ዕቁብ የሚጥል ሠራተኛ ገንዘብ አስቀድሞ ማዋጣትን የለመደ ነው። የጾም ወራትም የአትክልት ፍላጎት መቼ ከፍ እንደሚል ከወዲሁ ያመለክታሉ።

ስለሆነም ሥራውን ለመጀመር የሚያስብ ነጋዴ በአንድ መሥሪያ ቤት፥ በሳምንት በአንድ ቀንና በጥቂት ዓይነት ቢጀምር ይሻላል። የዓመቱን ሳይሆን የሚቀጥለውን ሳምንት ዋጋ ብቻ አስቀድሞ ቢቀበል የገዢውን እምነት ያገኛል። ገበሬው ሳያቀርብ ቢቀር ገንዘቡን ማን እንደሚመልስ፥ ባለቤቱ ሳይወስደው ያደረ ሣጥንም በማን ሒሳብ እንደሚያዝ በጽሑፍ ይወሰን። ከሁሉም በላይ ሚዛኑ ትክክል፥ አትክልቱም ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ይሁን። ከላይ ያማረ፥ ከሥር የበሰበሰ ሣጥን የደረሰው አንድ ሠራተኛ፥ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ለ39ኙ ባልደረቦቹ ያሰማልና።