«በጨዋታ በልጠን ተሸነፍን»

ባለፈው እሁድ ከሰዓት በኋላ ከአትላንታ በስተምሥራቅ፣ ክላርክስተን አካባቢ ከሚገኝ አንድ ሜዳ ዳር ቆመን ነበር። ሜዳው ሜዳ ለመባል ያህል ነው፤ በሁለቱ ጎሎች ፊት ለፊት ሣሩ አልቆ ቀይ የጆርጂያ አፈር ወጥቷል። ከዛፉ ሥር ተጣጣፊ ወንበሮች ተደርድረዋል፣ ፔርሙሱ ተቀምጧል፤ ከአየር ማረፊያው የታክሲ ወረፋ በቀጥታ የመጡ ወንድሞቻችንም ሞተር እንኳ ሳያጠፉ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ያያሉ። የምናወራው በየትኛውም የታወቀ ሊግ ሰንጠረዥ ላይ ስለማይገኝ፣ በከተማችን ካሉት የሐበሻ የእሁድ ቡድኖች ስለ አንዱ ነው። ስሙን አንጠራም። የሚያውቀው ያውቀዋል፤ የማያውቀውም በምትኩ የራሱን ከተማ ቡድን ስም ቢያስገባበት እምብዛም አይሳሳትም።

ልጆቻችን ኳስ ይቀባበላሉ። ከበረኛው ወደ ተከላካይ፣ ከተከላካይ ወደ አማካይ፣ ከአማካይ ተመልሶ ወደ ተከላካይ። እኛም ሥራ ስናጣ መቁጠር ጀመርን፤ ሃያ ሦስት ደረስን። ሃያ አራተኛው ላይ የተጋጣሚው ቡድን አንድ ቀጭን ልጅ (ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ ልጆች ቡድን ነው) ኳሷን ነጠቀ፣ ሁለት ጊዜ ገፋት፣ አንድ ጊዜ መታት። ጎል።

ከኋላችን አንዱ ጮኸ፦ «ምታት እንጂ! ልታገባት ነው እንዴ ኳሷን?»

ከግራ በኩል ደግሞ ሌላው መለሰለት፦ «ዝም በል! ኳስ ማለት ይሄ ነው። ጠለዛ ካማረህ ሌላ ሜዳ ሂድ!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንባቢ ይገምተዋል። ሁለተኛውን አጋማሽ አይቶ የጨረሰ ደጋፊ መኖሩን እንጠራጠራለን። ክርክሩ ከአጨዋወት ተነስቶ ወደ ኮሚቴው፣ ከኮሚቴው ወደ ቡድኑ ገንዘብ፣ ከገንዘቡ ወደ ሰፈር፣ ከሰፈር ደግሞ ሁላችንም ወደምናውቀው ቦታ ሄደ። ቡድኑ በተከታታይ ለአራተኛ ጊዜ ተሸነፈ። ሲያበቃም የቡድኑ ተጠሪ ላቡን እየጠረገ መጣና «በጨዋታ በልጠን ተሸነፍን» አለን።

ይህን ዓረፍተ ነገር በደንብ እናውቀዋለን። በአገር ቤት ሳለን በመንግሥት ጋዜጣ የአርታኢነት ወንበር ላይ ተቀምጠን ስንት ጊዜ እንደጻፍነው ቁጥሩ ጠፍቶናል። ቡድናችን ውጭ ሄዶ ሲሸነፍ «የጨዋታ ብልጫ ቢያሳይም በአጋጣሚ በተቆጠረበት ጎል» የምትለዋ ሐረግ ከውጤቱ ቀድማ የምትደርስበት ጊዜ ነበር። ስለ ፖለቲካው ዜና መመሪያ ይመጣ ነበር፤ ስለ ኳሱ ግን ያዘዘን ማንም አልነበረም። በገዛ ፈቃዳችን ነው የጻፍነው፤ አንባቢውም ደስ እያለው አነበበልን።

በአገራችን የኳስ ወግ አጭር ቅብብልና አብዶ ክብር ነው። በአዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋና ሚስማር ተራ የቆመ ሰው ይህን ይመሰክራል፤ አንድ ጥሩ አብዶ ከአንድ አስቀያሚ ጎል የበለጠ የሚጨበጨብለት ጊዜ ነበር። ኢትዮጵያ ቡና ደጋፊውን ያፈራው በዚሁ ቆንጆ ጨዋታ ነው፤ የሊጉን ዋንጫ ለማንሳት ግን እስከ 2003 ዓ.ም. ጠብቋል። ይህን የምንለው ለማንኳሰስ አይደለም፤ እኛም ብንሆን ያደግነው ያንን እየወደድን ነው።

ጥያቄው ሌላ ነው። እውን ቅብብሉ ነው ወይ የሚያሸንፈን? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ስፔን በ2010 የዓለም ዋንጫን ስትወስድ በሰባት ጨዋታ ያገባችው ስምንት ጎል ብቻ ነበር፤ ቅብብሏ ግን ተጋጣሚዋን ኳስ ያስናፍቀው ነበር። ያቺው ስፔን በ2018 ሞስኮ ላይ ከሩሲያ ጋር ከ1000 በላይ ጊዜ ተቀባብላ አንድ ለአንድ ወጣችና በፍጹም ቅጣት ምት ተሰናበተች። ቅብብሉ ያው ቅብብል ነው። በ2010 ኳሱን ያቀበለው ሰው ወዲያው ቦታ ቀይሮ ይጠብቅ ነበር፣ ኳስ ሲነጠቁም በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ተረባርበው ያስመልሱ ነበር። በ2018 ያቀበለው ቆሞ ያይ ነበር። የእኛም የእሁድ ቡድን አቀብሎ የሚቆም ቡድን ነው። ኳስ ሲነጠቅ ደግሞ የሚሮጠው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሌሎቹ እጃቸውን ወደ ዳኛው ያነሳሉ።

የራሳችንን ታሪክ ብናይስ? በጥር 1962 አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ ስናነሳ በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ ሁለት ጊዜ መርታን ነበር። ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ፤ ወዲያው ሌላ ገባብን። ሉቻኖ ቫሳሎ እንደገና አቻ አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ጨመሩበትና አራት ለሁለት ተፈጸመ። እኛ ያኔ አልተወለድንም። ሽማግሌዎቹ ሲያወሩልን ስለ መንግሥቱ አብዶ ነው፤ ሁለት ጊዜ ተመርቶ ለመመለስ ምን ያህል እንደተሮጠ ግን የነገረን የለም።

ከ31 ዓመት በኋላ በ2013 ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስንመለስስ? የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ዛምቢያ ጋር በነበረው የመጀመሪያ ጨዋታ በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጥቶ፣ በአሥር ሰው ተጫውተን፣ በአዳነ ግርማ ጎል አንድ ለአንድ ወጣን። በዚያ ቀን አሥሩም ሮጠዋል፤ መሮጥ ግድ ነበረባቸውና። ከዚያ በቡርኪና ፋሶ አራት ለባዶ፣ በናይጄሪያ ሁለት ለባዶ። ሦስት ጨዋታ፣ አንድ ነጥብ፣ አንድ ጎል። በዚያ ሰሞን በየምግብ ቤቱ የሰማነው ያው ነበር፤ «ኳሱን ግን ይዘንባቸው ነበር።»

ወደ እሁዱ ሜዳ እንመለስ። ለምን አይሮጡም የሚለውን የኮሚቴው ሰዎች ሲሰሙ ይቆጣሉ፤ መልሱ ግን ረቡዕ ማታ ልምምድ ላይ ይገኛል። መጋዘን ውስጥ የሌሊት ተራ የገባ፣ ፓርኪንግ ላይ ሁለት ሥራ የያዘ፣ ታክሲ ላይ የዋለ አይመጣም፤ አይፈረድበትም። የሚያስፈርደው ረቡዕ ያልመጣው ሰው እሁድ ቋሚ ተሰላፊ መሆኑ ነው፤ ቡድኑን ከመሠረቱት አንዱ ነዋ! ወርሃዊ መዋጮውን ይከፍላል፣ ማልያውን አሠርቷል። ዕድሜው ከአርባ ቢያልፍም አሥር ቁጥሩ የእሱ ነው። አሰልጣኙ በበኩሉ ጨዋ ሰው ነው፤ ጨዋነቱ ግን ማንንም ማስቀየም እስካለመቻል ይደርሳል።

እዚሁ ክላርክስተን ውስጥ በ2004 ሉማ ሙፍሌህ የተባለች ዮርዳኖሳዊት ለስደተኛ ልጆች ፊውጂስ የሚባል ቡድን አቋቁማ ነበር። በ2006 የከተማው ከንቲባ በመናፈሻው ኳስ እንዳይጫወቱ ከልክሏቸው፣ ነገሩ ኒው ዮርክ ታይምስ ድረስ ደርሶ ዓለም አወቀው። ከዚያ ሁሉ ዝና እኛ የምናስታውሰው አንድ ነገር ነው፦ ልጆቹን የሥነ ምግባር ውል ታስፈርም ነበር፤ በሰዓቱ መገኘት ከውሉ አንዱ ነው። የእኛ ኮሚቴ ውል ቢያስፈርም መጀመሪያ የሚጥሱት ፈራሚዎቹ ሳይሆኑ አስፈራሚዎቹ መሆናቸውን እንፈራለን።

በተቀያሪ ወንበር ላይ (ወንበር አልነው እንጂ የመጠጥ ማቀዝቀዣ ሳጥን ነው) የ19 ዓመት ልጅ አለ። የተወለደው እዚሁ ነው። አትላንታ ዩናይትድ በ2018 ከ73 ሺህ በላይ ተመልካች ፊት የሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ገና ልጅ ነበር፤ ኳስ ያወቀው የእነ አልሚሮንን ሩጫ እያየ ነው። ያ ስታዲየም የቆመው እኛ በ2011 የሰሜን አሜሪካውን የኢትዮጵያውያን በዓል ያከበርንበት ጆርጂያ ዶም ከነበረበት ቦታ አጠገብ ነው። ዶሙ በ2017 ፈርሷል። እኛ ስለ ዶሙ እናወራለን፣ ልጁ ስለ አዲሱ።

ባለፈው እሁድ ሃያ ደቂቃ ሲቀር ገባ። ኳሱን በቀኝ መስመር ተቀብሎ ሁለት ሰው አለፈና ከሩቅ መታ፤ ከአግዳሚው በላይ ሄደች። ከዛፉ ሥር የወረደበት ስድብ ለጋዜጣ አይሆንም። የሚጻፈው «አቀብል አንተ ፈረንጅ!» የሚለው ብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር እኛም «አቀብል!» ብለን ጮኸናል። ሌላውን አላልንም፤ ዝም ያላለውንም ዝም በል አላልንም። ሲያበቃ ወደ መኪናው ሲሄድ አገኘነውና አይዞህ አልነው። በዚያ በተሰባበረ አማርኛው «ጋሼ፣ እኔ ስሮጥ ለምን ይሰድቡኛል? ሌሎቹ እየሄዱ አይሰድቡም» አለን። «እየሄዱ» ያለው በእግራቸው እየተራመዱ ለማለት ነው።

ሰዉ ስለሚጮኽበት ምክንያትም አስበናል። ከዛፉ ሥር የሚቆመው ሰው ሳምንቱን ሙሉ በሰው አገር ቋንቋ «የስ ሰር» ሲል የሚውል ነው። ስለ አገሩ ጉዳይ የሚጮኸው ጩኸት የት እንደሚደርስ አያውቅም። እዚህ ሜዳ ላይ ግን ጮኾ የሚሰማው ሰው አለ፤ አሥራ አንድ ሰው። ይህ ለንዴቱ ምክንያት ይሆናል። ለዚያ ልጅ ግን ምን ብለን እናስረዳዋለን?

ረቡዕ ማታ ልምምዱን ለማየት ሄድን። አምስት ሰው ነበር። አሰልጣኙን ስለ ልጁ ብንጠይቀው «ደወልኩለት፤ ሥራ ጀምሬያለሁ አለኝ» አለን። በማግስቱ እናቱን ሐበሻ ሱቅ እንጀራ ስትገዛ አገኘናት። ልጁ ሥራ አልጀመረም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሜክሲኮዎቹ ጋር መጫወት መጀመሩን ነገረችን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከእኛ ቡድን ጋር ግጥሚያ እንዳላቸው አላወቀችም፤ እኛም አልነገርናትም።