ውሃ ጥሎት የሚሄደው፦ ደለልና ዝቃጭ በጅዳና በመካ

በጅዳ ከተማ ብርቱ ዝናብ በጣለ ማግስት ፀሐይ ስትወጣ መንገዱ ይደርቃል፤ ነገር ግን ጎርፉ ያመጣው ሁሉ አብሮት አይሄድም። በአስፋልቱ ዳር፣ በቆሙ መኪኖች ጎማ ሥርና በሱቆች ደጃፍ እንደ ዱቄት የላመ ቡናማ ጭቃ ተነጥፎ ይገኛል። አብዛኛው ጭቃ ከከተማው ውስጥ የተገኘ አይደለም። ጎርፍ ከከተማው በስተምሥራቅ ካሉት ኮረብታዎችና ተራሮች ጠርጎ ያመጣውና አቅሙ ሲደክም የጣለው ነው። ይህ ክንውን በአማርኛ እንደየሁኔታው መዝቀጥ፣ መደለል ወይም መነባበር ይባላል። ሜዳዎችንና ዐለቶችን የሠራው፣ የቤት ማንቆርቆሪያን የሚያቆሽሸውና የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ሰሌዳን ለመሥራት የሚያገለግለው ይኸው አንድ ዓይነት ክንውን መሆኑ ግን ብዙ ጊዜ ልብ አይባልም።

ነገሩ ከጀበና ቡና የራቀ አይደለም። ቡናው ፈልቶ ከእሳት ሲወርድ ጀበናው ጥቂት እንዲያርፍ ይደረጋል፤ አተላው ሳይሰክን የተቀዳ ቡና ይደፈርሳልና። በእሳት ኃይል ሲናወጥ የነበረው ውሃ ሲያርፍ የተሸከመውን ይለቃል። የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው፤ ተሸካሚው ኃይል ሲቀንስ ሸክሙ ይወርዳል። ሁለተኛው ሕግ በዓይን የማይታየውን ይመለከታል። በውሃ ውስጥ የሟሟ ማዕድን፣ ውሃው ሲተን ወይም ሲሞቅ ከሚችለው መጠን በላይ ይሆንበትና ጠጣር ሆኖ ይወጣል። በጅዳና በመካ የሚኖርና የሚሠራ ሰው ሁለቱንም ሕጎች በየዕለቱ ያገኛቸዋል።

ዋዲዎች የጻፉት ታሪክ

ጅዳ ያለችው በተራሮቹና በቀይ ባሕር መካከል በተዘረጋው የቲሃማ ሜዳ ላይ ነው። ከተራራው ወደ ባሕሩ የሚወርዱት ሸለቆዎች፣ በዐረብኛ ዋዲ የሚባሉት፣ አብዛኛውን የዓመቱን ክፍል ደረቅ ናቸው። ዝናብ በድንገት ሲወርድ ግን በፀሐይ የጠነከረው መሬትና ዕፅዋት የሌለበት ዐለት ውሃውን በፍጥነት ስለማይመጥ፣ ጎርፉ በአጭር ጊዜ ውስጥ ተሰብስቦ ይወርዳል።

ጎርፉ በዳገቱ ላይ ሳለ ድንጋይ ያንከባልላል። ሜዳው ላይ ሲደርስ ስለሚሰፋና ስለሚዘገይ በመጀመሪያ ድንጋዩን፣ ቀጥሎ ጠጠሩንና አሸዋውን፣ በመጨረሻም ደቃቁን ጭቃ ይጥላል። ይህን ቅደም ተከተል በቤት ውስጥ መመልከት ይቻላል። ቁመቱ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ውሃ በብርጭቆ ተሞልቶ አፈር ቢበጠበጥበት፣ 1 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የአሸዋ ቅንጣት በአንድ ሴኮንድ ገደማ ሥር ይደርሳል። ከዚያ መቶ ጊዜ የሚያንሰው ደለል ወደ 20 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ሺህ ጊዜ የሚያንሰው የሸክላ ቅንጣት ግን ከአንድ ቀን በላይ ተንሳፎ ይቆያል። ጎርፍ ከሸሸ በኋላ በቤት ውስጥ የተኛ ውሃ ለረጅም ጊዜ ደፍርሶ የሚቆየውም ስለዚህ ነው።

ይህ እውቀት ከትምህርት ቤት የዘለለ ጥቅም እንዳለው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 25 ቀን 2009 ታይቷል። ዕለቱ ዙልሒጃ 8 ቀን 1430 ዓመተ ሂጅራ፣ የሐጅ ሥርዓት የሚጀመርበት ዕለት ነበር። በጅዳ በአራት ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ70 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ዘነበ፤ ይህም ከተማዋ በአማካይ በዓመት ከምታገኘው ይበልጣል። በጎርፉ ከ100 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ። በእጅጉ ከተጎዱት ሰፈሮች አንዱ በደቡብ ምሥራቅ ጅዳ የሚገኘው ቁወይዛ ሲሆን፣ ዋዲ ቀውስ በሚባለው ሸለቆ የጎርፍ መውረጃ ላይ የተሠራ ነው። ከተማዋ በጃንዋሪ 2011 ዳግም በጎርፍ ተመታች። ከዚያ በኋላ ጎርፉን የሚገቱ ግድቦችና ወደ ባሕር የሚወስዱ ሰፋፊ ቦዮች ተሠርተዋል። በኖቬምበር 24 ቀን 2022 በደቡብ ጅዳ 179 ሚሊ ሜትር ዝናብ መመዝገቡን ብሔራዊ የሜትሮሎጂ ማዕከል አስታውቋል።

ደረቅ ዋዲ ለዓይን የተመቸ ሜዳ ነው፤ ለመጋዘን፣ ለመኪና ማቆሚያና ለርካሽ ቤት የሚመረጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። መሬቱ ግን ያለፈውን ይናገራል። ለግንባታ በተቆፈረ ጉድጓድ ግድግዳ ላይ የተድቦለቦሉ ድንጋዮችና በላይ በላዩ የተነባበሩ የአሸዋና የጭቃ ንጣፎች ከታዩ፣ ቦታው ጎርፍ ደጋግሞ የሄደበት ነው። ድንጋይን የሚያድቦለቡል እየተንከባለለ መፋተግ ነው፤ እያንዳንዱ ንጣፍም የአንድ ጎርፍ ትቶት የሄደው ነው።

ደለሉ ያዘለው ውሃ

ደለል ጉዳት ብቻ አያስከትልም። መካ በተራሮች መካከል በሚገኙ ሸለቆዎች ውስጥ የተመሠረተች ከተማ ናት፤ ከሐረም በስተሰሜን ምዕራብ የሚገኘው የዛሂር ሰፈርም በዚሁ ዓይነት መሬት ላይ ነው። ቅዱሱ መስጂድ ራሱ የሚገኘው በዋዲ ኢብራሂም ውስጥ ነው። በ1941 በመካ የደረሰው ጎርፍ በካዕባ ዙሪያ ያለውን የጠዋፍ ቦታ ሞልቶት እንደነበር በዘመኑ የተነሡ ፎቶግራፎች ያሳያሉ።

በዘመናት ውስጥ እንዲህ ያሉ ጎርፎች የተዉት ጠጠርና አሸዋ በሸለቆው ወለል ላይ ተከማችቷል። በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ የዝናብ ውሃን ይይዛል። የሳዑዲ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ እንደሚገልጸው የዘምዘም ጉድጓድ ጥልቀት 30 ሜትር ያህል ነው። የላይኛው 13.5 ሜትር በሸለቆው ደለል ውስጥ፣ የታችኛው 17 ሜትር ደግሞ በጠንካራው ዐለት ውስጥ የተቆፈረ ነው። ጅዳም በ1947 ከዋዲ ፋጢማ በቧንቧ የተሳበ ውሃ ማግኘት ስትጀምር፣ የጠጣችው በዚያ ሸለቆ ደለል ውስጥ የተጠራቀመውን ነበር። አንድ ቀን የሚያጠፋው ጎርፍ፣ በጣለው ጠጠር ውስጥ ለብዙ ዓመት የሚሆን ውሃ ያኖራል።

በማንቆርቆሪያና በማጣሪያ ጣቢያ ውስጥ

ሁለተኛው ሕግ በወጥ ቤት ውስጥ ይታያል። ደጋግሞ ውሃ የተፈላበት ማንቆርቆሪያ በውስጡ ነጭ ቅርፊት ያበጃል። ቅርፊቱ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ የኖራ ድንጋይ የተሠራበትም ማዕድን ይኸው ነው። ውሃው ሲሞቅ የሟሟው ባይካርቦኔት ይፈርሳል፤ ጋዙ ይተንና ጠጣሩ ሥር ይቀራል። ቅርፊቱ ለጤና አያሰጋም። ሙቀትን ስለሚከለክል ግን ማንቆርቆሪያው ለመፍላት ረዘም ያለ ጊዜና የበለጠ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ሎሚ ወይም አቼቶ የተጨመረበት ውሃ ሞቅ ተደርጎ ቢቆይበት ይለቃል።

ይህ ትንሽ ችግር ባሕርን ለመጠጥ በምታውል አገር ውስጥ ትልቅ ጉዳይ ይሆናል። በጅዳ የባሕር ውሃን የሚያተን የመጀመሪያው መሣሪያ በኦቶማን ዘመን በ1907 ተተክሎ ነበር፤ ሕዝቡም “ከንዳሳ” ይለው ነበር። ንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ በ1928 ሁለት አዳዲስ መሣሪያዎች እንዲተከሉ አደረጉ። ዛሬ ከጅዳ በስተደቡብ በሹዐይባ ያሉት ጣቢያዎች ጅዳን፣ መካንና ጣኢፍን ያጠጣሉ። የቀይ ባሕር ውሃ በአንድ ሊትር ወደ 40 ግራም የሚደርስ ጨው ይይዛል፤ የውቅያኖሶች አማካይ ግን 35 ግራም ገደማ ነው። ይህ ውሃ ሲሞቅ ከካልሲየም ካርቦኔት ሌላ ማግኒዚየም ሃይድሮክሳይድና ካልሲየም ሰልፌት በቧንቧዎች ውስጥ ይጋገራሉ። ካልሲየም ሰልፌት፣ ከስኳር በተቃራኒ፣ ውሃው እጅግ ሲሞቅ የመሟሟት አቅሙ ይቀንሳል። ስለሆነም መሐንዲሶች የሙቀቱን ጣሪያ ይወስናሉ፤ ቅርፊት የሚከለክል ኬሚካል ይጨምራሉ፤ እንዲሁም ለስላሳ የጎማ ኳሶችን በቧንቧው ውስጥ እየላኩ ውስጡን ያስጠርጋሉ።

ጨው የተለየለት ውሃ ደግሞ ብረትን ይበላል። በመሆኑም ወደ ከተማ ከመላኩ በፊት ጥቂት ካልሲየም ይመለስለታል፤ በቧንቧው ግድግዳ ላይ የሚቀመጠው ስስ የካርቦኔት ሽፋንም ከዝገት ይከላከላል። በማሞቂያው ውስጥ ጠላት የነበረው፣ በማከፋፈያው መስመር ላይ ጠባቂ ይሆናል።

ከባሕር የወጣ ቤት

በጅዳ ነባር ከተማ በአል-በለድ የሚያልፍ ሰው ከሚያያቸው ግድግዳዎች ብዙዎቹ በሕይወት ያሉ ፍጥረታት ከባሕር ውሃ ውስጥ ያወጡት ካልሲየም ካርቦኔት ናቸው። ኮራሎች ማዕድኑን ከውሃው እየለዩ በላይ በላዩ ይነባብሩታል። የጅዳ ግንበኞችም ይህን ድንጋይ እየጠረቡ፣ በመሐሉ አግዳሚ እንጨት እያስገቡ ረጃጅም ቤቶችን ሠርተዋል። በ1881 የተጠናቀቀው የነሲፍ ቤት አንዱ ምስክር ነው። አካባቢው በ2014 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ይሁን እንጂ ጨዋማው የከርሰ ምድር ውሃ በድንጋዩ ቀዳዳዎች ወደ ላይ ይሳባል፤ ውሃው ሲተን ጨው በቀዳዳው ውስጥ ይረጋል፤ እየገፋም ድንጋዩን ያፈርፈዋል። በጥበቃ ሥራው ውስጥ እርጥበትን መከላከል ትልቅ ስፍራ የያዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ሰው በፈቃዱ ሲያነባብር

ተፈጥሮ የምትሠራውን ሰው በቁጥጥር መሥራት ሲማር የቁሶች ሳይንስ አንድ ትልቅ ዘርፍ አገኘ። በመካ ኡሙል ጁድ የካዕባ ኪስዋ ሲዘጋጅ፣ ጥቁሩ ሐር የሚጠለፈው በወርቅ በተለበጠ የብር ክር ነው። ብረትን በብረት ለመለበጥ አንዱ መንገድ ኤሌክትሪክ ነው። ዕቃው የብረት ጨው በሟሟበት ውሃ ውስጥ ገብቶ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ፣ ብረቱ አቶም በአቶም ይቀመጥበታል። ለመስተዋት ደግሞ አልሙኒየም አየር በወጣለት ክፍል ውስጥ ሞቆ ይተንና በመስታወቱ ላይ ያርፋል።

ከጅዳ በስተሰሜን በሱወል የሚገኘውና በ2009 የተከፈተው የንጉሥ ዐብዱላህ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ በሲሊከን ላይ ፔሮቭስካይት የተባለ ስስ ንጣፍ በመጨመር በ2023 ከፀሐይ ብርሃን 33.7 በመቶውን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ሕዋስ አስመዝግቧል። ተመሳሳዩ ክንውን ግን ከውጭ ይፈታተነዋል። በሰሌዳው ላይ የሚያርፍ አቧራ ብርሃንን ይጋርዳል፤ በባሕር ዳር የሌሊት ጤዛ አርሶት ሲደርቅም እንደ ጭቃ ይጣበቃል።

በኢትዮጵያም ደለል ሁለት መልክ አለው። በ1960 ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ ሐይቅ፣ አዋሽ ከተራቆቱት ደጋዎች በሚያመጣው አፈር ውሃ የመያዝ አቅሙን እያጣ ነው። በዚያው በአዋሽ ተፋሰስ በሐዳር፣ የጥንት ወንዝና ሐይቅ ደለል የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷን ድንቅነሽን ሸፍኖ አቆይቷል፤ በ1974ም ለዓለም አስረክቧል።

ለነዋሪው የሚቀረው ተግባራዊ ትምህርት ጥቂት ነው። የዝናብ ማስጠንቀቂያ ሲነገር በዋዲ ውስጥ መቆየትም ሆነ በመኪና መሻገር አይገባም፤ ወንዙ ደረቅ መሆኑ ዋስትና አይሆንም። በመካ ክልል የአደጋ ጊዜ ስልክ 911 ነው። ጎርፍ የተወው ጭቃ ከፍሳሽ ቆሻሻ ጋር ሊቀላቀል ስለሚችል፣ ሳይደርቅ በጓንት ማንሣት፣ የደረቀውንም ከመጥረግ በፊት ውሃ መርጨትና አፍንጫን መሸፈን ይበጃል። በጣሪያ ላይ ያለ የውሃ ታንከርም ሥሩ እንደ ጀበናው ሥር ነው፤ በየጊዜው ካልታጠበ አተላው ይከማቻል። ቤት የሚከራይ ሰው ደግሞ የኪራዩን ዋጋ ከመጠየቁ ጋር፣ መሬቱ ከየት የመጣ ደለል እንደሆነ ቢመለከት ይጠቀማል።