የአይሮፕላን ፍጥነት የሚለካበት ቱቦና መጋጠሚያው



ዛሬ የምናወራችሁ ስለ አንድ ቀጭን ቱቦ ነው። ውፍረቱ ከእርሳስ አይበልጥም፤ ዋጋውም ከአይሮፕላኑ ጠቅላላ ዋጋ ጋር ሲመዛዘን ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ይሁን እንጂ አይሮፕላኑ አየሩን በምን ያህል ፍጥነት እየሰነጠቀ እንደሚሄድ ለአብራሪው የሚነግረው ይህ ቱቦ ስለ ሆነ፥ መጋጠሚያው ጥቂት የላላ እንደ ሆነ ሕይወትን እስከ ማሳጣት የሚያደርስ ስሕተት ሊከተል ይችላል።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ 1732 ዓ.ም. መመለስ ያሻል። በዚህ ንግግር የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በዚያን ጊዜ ኦንሪ ፒቶ የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ በፓሪስ ከተማ የሚያልፈውን የሴን ወንዝ ፍጥነት ለመለካት ፈልጎ፥ ጫፉ የታጠፈ የመስተዋት ቱቦ አፉን ወደ ወራጁ ውሃ አዙሮ አጠለቀ። ውሃው በቱቦው ውስጥ ከወንዙ ገጽ በላይ ከፍ ብሎ ቆመ፤ ወንዙ በፈጠነ መጠንም ከፍታው ጨመረ። በአይሮፕላን ላይ የሚሠራበትም ዘዴ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ በውሃ ፈንታ አየር መሆኑ ብቻ ነው። ስለዚህም ቱቦው እስከ ዛሬ በሰውየው ስም ፒቶ ይባላል።

የፒቶው አፍ አብዛኛውን ጊዜ ከክንፍ በታች ሆኖ ወደ ፊት ይመለከታል። ከሚመጣው አየር የተቀበለውን ግፊት በክንፉ ውስጥ በተዘረጋ ቱቦ አማካይነት በአብራሪው ፊት ወዳለው የፍጥነት መለኪያ ያደርሳል። በመለኪያው ውስጥ ከስስ ብረት የተሠራ፥ እንደ ፊኛ የሚያብጥና የሚሟሽሽ ትንሽ ከረጢት አለ። የፒቶው ግፊት ወደ ከረጢቱ ይገባል፤ በአይሮፕላኑ ጎን ካለች ቀዳዳ የሚመጣው የጸጥተኛው አየር ግፊት ደግሞ በሁለተኛ ቱቦ ገብቶ ከረጢቱን ከውጭ ይከበዋል። መርፌውን የሚያንቀሳቅሰው የሁለቱ ግፊቶች ልዩነት ነው።

ይህ ልዩነት ምን ያህል ትንሽ እንደ ሆነ መገመት ያስቸግራል። አንድ አይሮፕላን በባሕር ጠለል አጠገብ በሰዓት 185 ኪሎ ሜትር ሲበር፥ ግፊቱ 16 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ከፍታ ያለውን ውሃ ከመሸከም አያልፍም፤ ይህም አንድ ስንዝር አይሞላም። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ደግሞ ግፊቱ በግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ ይወርድና ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። አብራሪው የመለኪያውን ትክክለኛነት አብልጦ የሚፈልገው ግን ለማረፍ ሲቃረብና ፍጥነቱ ሲቀንስ ነው። ፍጥነቱ ከተወሰነው ልክ በታች ከወረደ ክንፉ የመሸከም ኃይሉን ያጣልና። ዛሬ በሳተላይት የሚሠራ መሣሪያ ፍጥነትን ይናገራል ቢባልም፥ እርሱ የሚናገረው በምድር ላይ ያለውን ፍጥነት ነው፤ ክንፍን የሚሸከመው ግን አየር ነው።

በፋብሪካ በሚሠራ አይሮፕላን ላይ ይህን ቱቦ የሚገጥመው የሠለጠነ ሠራተኛ ሲሆን፥ ሌላ ሰው ደግሞ ይመረምርለታል። በአሜሪካ ግን ግለሰቦች በገዛ ቤታቸው አይሮፕላን ሠርተው እንዲበሩ ሕጉ ይፈቅዳል፤ የሚጠይቀውም ከሥራው የሚበዛውን ክፍል ለትምህርት ወይም ለመዝናኛ ሲሉ ራሳቸው እንዲሠሩት ነው። ፖል ፖበሬዝኒ የተባለው ሰው በ1953 ዓ.ም. በሚልዋኪ ከተማ የእነዚህን ሠሪዎች ማኅበር አቋቋመ። ከእነርሱ ብዙዎቹ በሌላ ሙያ የሚተዳደሩ፥ ማታ ማታና በዕረፍት ቀን የሚሠሩ ናቸው። የመንግሥት መርማሪ የተፈጸመውን አይሮፕላን አይቶ ፈቃድ ይሰጣል እንጂ በክንፉ ውስጥ የተሸሸገውን መጋጠሚያ ሁሉ እየፈታ አይመለከትም። ስለዚህ ገጣሚውም፥ መርማሪውም፥ ብዙ ጊዜም የመጀመሪያው አብራሪ አንድ ሰው ነው።

መጋጠሚያው በሁለት ዓይነት ይሠራል። አንደኛው የብረት ነው። የአሉሚኒየሙ ቱቦ አፍ በመሣሪያ እንደ መለከት አፍ ይከፈትና በሾጣጣው መጋጠሚያ ላይ ተቀምጦ በዳዶ ይጠብቃል። ዳዶውን አስቀድሞ ሳያስገባ አፉን የከፈተ ሰው ቱቦውን ቆርጦ እንደ ገና ይጀምራል፤ ይህ ግን ቀላሉ ስሕተት ነው። ከባዱ የሾጣጣውን ልክ አለማወቅ ነው። በአሜሪካ የአይሮፕላን መጋጠሚያ 37 ዲግሪ ሲሆን፥ ለመኪና የሚሸጠው 45 ዲግሪ ነው። ሁለቱ ለዓይን ይመሳሰላሉ፤ ሲጋጠሙ ግን በቀጭን መስመር ብቻ ስለሚነካኩ አየር ያፈሳሉ፥ በኃይል ሲጠብቁም የቱቦው አፍ ይሰነጠቃል።

ሁለተኛው የፕላስቲክ ቱቦ በግፊት ብቻ የሚሰካበት ነው። ቱቦው ሲገባ ጥርስ ያለው የብረት ቀለበት ይነክሰዋል፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ያለው የጎማ ቀለበት ዙሪያውን ይዞ አየሩን ይዘጋል። እስከ መጨረሻው ያልገባ ቱቦ ጥርሱ ይይዘዋል እንጂ ጎማው አያገኘውም፤ በእጅ ሲጎትቱት የጠበቀ ይመስላል፥ ነገር ግን ያፈሳል። ስለዚህ የቱቦውን ጫፍ በስለታም ምላጭ ቀጥ አድርጎ መቁረጥ፥ መግባት ያለበትንም ርዝመት አስቀድሞ በቀለም ምልክት ማድረግ ይገባል።

ከዚህም ሌላ በረዶ እንዳይዘው በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ፒቶ ከሆነ፥ ፕላስቲኩ እንዳይቀልጥ ከእርሱ አጠገብ ያለው ቱቦ ብረት መሆን አለበት። ቱቦው በክንፉ የብረት ቀዳዳ በሚያልፍበት ቦታ እንዳይፋቅ የጎማ ቀለበት ይደረግለታል። ዝናብ ቢገባም ውሃው እንዳይታቆር ተዳፋቱ ይታሰባል። ክንፉ ከአካሉ በሚገናኝበትም ስፍራ ሁለቱ ቱቦዎች እንዳይለዋወጡ ስማቸው ይጻፍባቸዋል።

ስሕተቱ የሚያስከትለው ጉዳት እንደ ቦታው ይለያያል። የፒቶው መስመር ካፈሰሰ መለኪያው ከእውነተኛው ያነሰ ፍጥነት ያሳያል፤ አብራሪውም ሳያውቅ እጅግ ፈጥኖ ሊያርፍ ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ከእውነተኛው የበለጠ ፍጥነት ማሳየቱ ነው፤ አብራሪው በቂ ፍጥነት አለኝ ብሎ ሲታመን ክንፉ ይከዳዋልና።

ለዚህ ምስክር የሚሆኑ ሁለት አደጋዎች በ1996 ዓ.ም. ደረሱ። አይሮፕላኖቹ በታላቅ ፋብሪካ የተሠሩ የመንገደኞች አይሮፕላኖች ነበሩ፤ ችግሩም የመፍሰስ ሳይሆን የመደፈን ነበር፤ ሆኖም የሐሰተኛ መለኪያን ጉዳት ያስረዳሉ። በየካቲት ወር በዶሚኒካን ሪፑብሊክ፥ ከፖርቶ ፕላታ የተነሣ ቦይንግ 757 ባሕር ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች ሞቱ። መርማሪዎቹ ፒቶውን በጭቃ ቤት የሚሠራ ተርብ ሳይደፍነው አልቀረም ብለው ገመቱ። አይሮፕላኑ ከፍ ባለ ቁጥር በቱቦው የታፈነው አየር ግፊት ከጸጥተኛው አየር ግፊት እየበለጠ ስለሄደ፥ የካፒቴኑ መለኪያ ፍጥነቱ የጨመረ አስመስሎ አሳየ። በጥቅምት ወር ደግሞ በፔሩ፥ ከሊማ የተነሣ ሌላ ቦይንግ 757 ወድቆ 70 ሰዎች አለቁ፤ አይሮፕላኑ ሲጸዳ የጎኑ ቀዳዳዎች የተሸፈኑበት ፕላስተር ሳይነሣ ቀርቶ ነበር።

እንግዲህ በቤቱ የሚሠራው ሰው ምን ያድርግ? ፈተናው ቀላል ነው። የፒቶውን የውሃ ማውጫ ቀዳዳ ይሸፍናል፤ የቀጭን ጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ በፒቶው ላይ ያለብሳል፥ ሌላውን አጥፎ ያስራል፤ ከታሰረው ጫፍ ጀምሮም ጎማውን በቀስታ ይጠቀልላል። የታፈነው አየር መርፌውን ያነሣዋል። 185 ሲደርስ ጥቅልሉን ይዞ ይጠብቃል። መርፌው ባለበት ከጸና መስመሩ ደኅና ነው፤ ከወረደ መስመሩን ክፍል በክፍል እየዘጋ የሚያፈስሰውን መጋጠሚያ ይፈልጋል። ሲፈጽምም ግፊቱን በቀስታ ይለቃል። በአፍ እፍ ማለት ግን አይገባም፤ የሰው ትንፋሽ ከዚያች ስንዝር ከማትሞላ ውሃ ብዙ እጥፍ ኃይል ስላለው መለኪያውን ይሰብራል። ከፈተናው በኋላ መሸፈኛው መነሣቱን ማረጋገጥ እንደሚያስፈልግ የፔሩን አደጋ ለሰማ ሰው መንገር አያሻም።

የጸጥተኛው አየር መስመርም የራሱ ፈተና አለው። በአሜሪካ ሕግ በመሣሪያ እየተመራ በደመና ውስጥ የሚበር ሰው ይህን መስመር በየ24 ወሩ ያስፈትናል፤ የአየር ግፊቱ 300 ሜትር ያህል ከፍታ እስኪያሳይ ከተሳበ በኋላ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከ30 ሜትር በላይ እንዲወርድ አይፈቀድም።

ክቡራን አድማጮች፤ በመሥሪያ ቤት የምንውል ሰዎች ይህን ነገር ከሥራችን ጋር ብናስተያየው አይከብደንም። አለቃው የሚወስነው በጠረጴዛው ላይ በቀረበለት ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፉ በየክፍሉ ሲያልፍ ከእውነቱ ጥቂት ጥቂት ከፈሰሰበት፥ አለቃው ምንም አስተዋይ ቢሆን ውሳኔው ይሳሳታል። አብራሪውም እንዲሁ ነው። መርፌው የሚናገረው ቱቦው ያደረሰለትን ነው። ስለዚህ የአይሮፕላን ሠሪ ትጋት የሚለካው ሰው በሚያደንቀው ቀለምና ቅርጽ ብቻ ሳይሆን፥ ክንፉ ከተዘጋ በኋላ ማንም በማያየው መጋጠሚያ ጭምር ነው።