የቁርጭምጭሚትና የእግር ራጅ አነሳስ

የቁርጭምጭሚትና የእግር ራጅ አነሳስ ማለት እግር በራጅ ሰሌዳ ላይ የሚቀመጥበት አኳኋንና ጨረሩ የሚመጣበት አቅጣጫ ነው። ራጅ የጥላ ምስል በመሆኑ ከፊትና ከኋላ ያሉ አጥንቶች ተደራርበው ይወጣሉ። ስለዚህ አንድ አካል ቢያንስ ከሁለት አቅጣጫ ይነሳል። አቀማመጡ ከተበላሸ ስብራት ወለምታ መስሎ ሊያልፍ ይችላል።

ቁርጭምጭሚት በተለምዶ ከፊት፣ ከጎንና «ሞርቲስ» በሚባለው አኳኋን ይነሳል። ከፊት ሲነሳ ታካሚው እግሩን ዘርግቶ ጣቶቹን ወደ ላይ ያቀናል። ነገር ግን በውጭ በኩል ያለው ቀጭኑ አጥንት (ፊቡላ) ከወፍራሙ (ቲቢያ) ጋር ስለሚደራረብ በዚያ በኩል ያለው የመገጣጠሚያ ክፍተት በደንብ አይለይም። ሞርቲስ ለዚህ መፍትሔ ነው። ስሙ ከአናጺዎች የመጣ ሲሆን አንድ እንጨት በሌላው ውስጥ እንዲገጥም የሚፈለፈለውን ቀዳዳ ያመለክታል። ባለሙያው የእግሩን ጫፍ ብቻ ሳይሆን ቅልጥሙን ጭምር ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ወደ ውስጥ ያዞራል። ያን ጊዜ በግራና በቀኝ ያሉት የቁርጭምጭሚት ጉብታዎች ከሰሌዳው እኩል ይርቃሉ፤ ታለስ የተባለውን አጥንት የከበበው ክፍተትም ወጥ ሆኖ ይታያል። ክፍተቱ በውስጥ በኩል ከሰፋ፣ ስብራት ባይታይ እንኳ ጅማት ተበጥሶ ሊሆን ይችላል።

በጎን ምስል የአምስተኛው ሜታታርሳል፣ ማለትም ወደ ትንሿ ጣት የሚሄደው ረጅም አጥንት ሥር መካተት አለበት። እግር ሲጠማዘዝ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው እሱ ነው፤ ሕመሙም የቁርጭምጭሚት ይመስላል።

እግር ከላይ ሲነሳ ታካሚው ጉልበቱን አጥፎ ውስጥ እግሩን ሰሌዳው ላይ ያሳርፋል፤ ጨረሩም ወደ ተረከዝ 10 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል። የአግድምና የጎን ምስሎችም ይጨመራሉ። በፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም ዣክ ሊስፍራን ስም የሚጠራው የመሃል እግር ጉዳት ግን ተኝተው ሲነሱ ሊደበቅ ይችላል። ታካሚው ቆሞ ክብደቱን ሲያሳርፍ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ሜታታርሳል ሥር መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል፤ ከ2 ሚሊሜትር ካለፈ ያጠራጥራል። ሁለቱን እግሮች አብሮ አንስቶ ማወዳደር ይረዳል።

ወለም ያለው ሁሉ ራጅ አያስፈልገውም። በ1992 እ.ኤ.አ. በካናዳ የወጣው የኦታዋ መመሪያ፣ የቁርጭምጭሚት ሕመም ያለው ሰው ራጅ የሚነሳው ከሁለቱ ጉብታዎች በአንዱ ጫፍ ወይም በኋለኛው ጠርዝ እስከ 6 ሴንቲሜትር ድረስ አጥንቱ ሲነካ ካመመው፣ አለዚያም ወዲያው እንደተጎዳም ሆነ ሲመረመር 4 እርምጃ መራመድ ካልቻለ ነው ይላል።