ሰሊጥ ለምን ይረግፋል?

ወላጆቼ በመተማ ሰሊጥ አምራቾች ናቸው፡፡ የዛሬ ሁለት ዓመት በመስከረም መጨረሻ አባቴ ታሞ ስለ ነበር የአጨዳው ነገር ለእኔ ተሰጠኝ፡፡ እኔም ‹‹የላይኛው ፍሬ ገና አረንጓዴ ነውና እንታገሥ›› ብዬ አንድ ሳምንት አዘገየሁ፡፡ ስንሄድ ጥቁሩ መሬት በሰሊጥ ነጥቶ አገኘነው፡፡ አባቴ በምርኩዝ መጥቶ ሲያይ አልተቈጣኝም፤ ጐንበስ ብሎ አንድ ጭብጥ አፈር ከነሰሊጡ አንሥቶ ዝም ብሎ ተመለከተው፡፡ ከዚያ ቀን ጀምሮ የመርገፉን ምክንያት ለማወቅ ስለ ጓጓሁ መምህራችንን ጠይቄ፣ መጻሕፍትም አገላብጬ የተረዳሁትን እነሆ አቀርባለሁ፡፡

እያንዳንዱ የተክል ሕዋስ ከሴሉሎስ የተሠራ ግድግዳ እንዳለው በክፍል ተምረናል፡፡ በጎረቤታሞቹ ግድግዳዎች መካከል ደግሞ ፔክቲን የሚባል ማጣበቂያ አለ፤ ማርመላታን የሚያረጋው ይኸው ነው፡፡ ሕዋሳቱን እንደ ጡብ፣ ፔክቲኑን እንደ ጭቃ ብናስበው ነገሩ ይቀላል፡፡

ፍሬው ሲበስል ታዲያ በቅርፊቱ ስፌት ላይ የተሰለፉት ሕዋሳት ኤንዛይም ያመነጩና ይህን ጭቃ ያሟሙታል፡፡ በአጠገባቸው ያሉት ግን በተቃራኒው ግድግዳቸውን ሊግኒን በሚባል፣ እንጨትን እንጨት በሚያደርገው ነገር ያጠነክራሉ፡፡ ከዚህ በኋላ ፀሐይ ቅርፊቱን ስታደርቀው ለስላሳው ክፍል ይኰማተራል፤ ጠንካራው እንቢ ይላል፡፡ ሁለቱ ሲጓተቱም አስቀድሞ የላላው ስፌት ከጫፉ ጀምሮ ይከፈታል፡፡ እኔ ጥፋቱን ሁሉ በፀሐይ ላይ አድርጌ ነበር፤ ለካ ተክሉ ራሱ በሩን አዘጋጅቶ ይጠብቃል! ለእርሱ ዘር መበተኛ ብልኃቱ ነው፡፡

የእኔ ስሕተት ሰሊጥ ከታች ወደ ላይ እንደሚበስል አለማወቄ ነው፡፡ የላይኛው እስኪደርስ የታችኛው ተከፍቶ ያልቃል፡፡ ስለዚህ ገበሬው የታችኛው ፍሬ ቢጫ ሲሆን ያጭዳል፤ ነዶውንም ጫፉን ወደ ላይ አድርጎ ያቆመዋል፡፡ ቅርፊቱ ሲከፈት አፉ ወደ ሰማይ ስለሆነ ፍሬው አይፈስም፤ ሲደርቅ በሸራ ላይ ገልብጠው ያራግፉታል፡፡

በ1943 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ላንግሃም የተባለ ተመራማሪ በቬኔዝዌላ ቅርፊቱ የማይከፈት ሰሊጥ አግኝቶ ነበር፡፡ ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ሰሊጥ ከቅርፊቱ በቀላሉ አይላቀቅም፤ በኃይል ሲወቃም ፍሬው ይጎዳል፡፡

ዘንድሮ ከአባቴ ጋር በጊዜው አጭደን ነዶውን አቆምን፡፡ የረገፈብን ጥቂት ነው፤ እርሱም ሸራው ቀዳዳ ስለ ነበረው ነው፡፡