ሳይሸነፍ የጠፋው የካፋ ሸካ ድርጅት

የካፋ ሸካ ሕዝቦች ዴሞክራሲያዊ ድርጅት በምርጫ ተሸንፎ አልወደቀም፤ በሕግ ታግዶም አልተዘጋም። ያም ሆኖ ዕድሜው ዐሥር ዓመት ግድም ብቻ ነበር።

ከ1983ቱ የሥርዓት ለውጥ በፊት ካፋ የሰፊ ክፍለ ሀገር ስም ነበር፤ ዋና ከተማውም ጅማ። አስተዳደሩ በብሔረሰብ ሲዋቀር ጅማ ወደ ኦሮሚያ፣ ቦንጋ ወደ ደቡብ ገቡ። ካፋና ሸካም በከፊቾ ሸኪቾ ዞን ሥር ተጠቃለሉ፤ ኋላ ነው ሁለት ዞን የሆኑት። የድርጅቱ ስም የሁለቱን ሕዝቦች ስም አጣምሮ የያዘውም በዚሁ አወቃቀር ልክ ነው።

ኢሕአዴግ በደቡብ መጀመሪያ አንድ ወጥ ፓርቲ አላቆመም። በየአካባቢው የብሔረሰብ ድርጅቶች ተቋቋሙና በደቡብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ዴሞክራሲያዊ ግንባር ተሰባሰቡ። የኢሕአዴግ አባል የነበረው ግንባሩ ነው፤ ሕወሓት፣ ብአዴንና ኦሕዴድ ከሚቀመጡበት ጠረጴዛ የካፋና የሸካ ጉዳይ የሚደርሰው በግንባሩ በኩል ነበር። በ1992ቱ ምርጫ ድርጅቱ ከ547 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች 10ሩን አገኘ። ለአንድ የዞን ድርጅት ቀላል ቁጥር አልነበረም።

ብዙም ሳይቆይ፣ ከ1993ቱ የሕወሓት ክፍፍልና ከኢሕአዴግ ተሐድሶ በኋላ፣ በግንባሩ ሥር የነበሩት ድርጅቶች ተዋሕደው የደቡብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ፣ ማለትም ደኢሕዴን፣ ሆኑ። ካፋና ሸካ ከፓርቲ ስምነት ወጡ። በ2012 ደግሞ ደኢሕዴንም በተራው በብልጽግና ፓርቲ ውስጥ ከሰመ።

የካፋና የሸካ ራስን የማስተዳደር ጥያቄ ግን ከድርጅቱ ጋር አልከሰመም። መስከረም 20 ቀን 2014 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ የካፋ፣ የሸካ፣ የቤንች ሸኮ፣ የዳውሮና የምዕራብ ኦሞ ዞኖች ከኮንታ ልዩ ወረዳ ጋር የራሳቸውን ክልል መረጡ። በዚያው ዓመት ኅዳር የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ፤ ቦንጋም የአስተዳደሩ መቀመጫ ሆነች።

መራጩ ያላፈረሰውን ድርጅት ያፈረሰው የበላይ አካል ውሳኔ ነው። ከላይ የተዋቀረ ከላይ ይፈርሳል። በድርጅቱ ውስጥ ያለፋችሁ የካፋና የሸካ ሰዎች፣ በእጃችሁ ያለውን ቃለ ጉባኤና የምታስታውሱትን ሁሉ ጻፉልን፤ ይህ ታሪክ በመቀመጫ ቁጥር ብቻ መታወስ የለበትም።